ከኬፕታውን እስከ ፂፂካማ በባህሩ ዳር፣ ማን ምን ይበላል

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከኬፕታውን ተነስተን ባህሩን ይዘን በምስራቅ በኩል እስካለው ፂፂካማ ፓርክ ነድተን ተመለስን፣ እና ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ መንገዱ እንዴት ነው፣ የት የት ቆማችሁ፣ ምን አያችሁ ምናምን እያለ ስለጠየቀኝ ለሁሉም እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። መኪናው ውስጥ ሶስት ነበርን፣ እኔ፣ ኬፕታውን የምትኖረው ታላቅ እህቴና ልጇ። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ናት፣ እና አንድ እንስሳ ባየን ቁጥር ከሁሉ በፊት የምትጠይቀኝ "አጎቴ፣ ይሄ ምን ይበላል?" ብላ ነው። ስሙ ማነው አትልም፣ ይናከሳል ወይ አትልም፣ ምን ይበላል ብቻ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ እኔም ሬንጀሮቹን፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂዎቹን፣ የምጠይቀው ይሄንኑ ሆነ፣ ምክንያቱም እዛ ዳርቻ ላይ ያለው እንስሳ ሁሉ፣ የሚጠፋውም የተረፈውም፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ምግቡ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከኬፕታውን ኤን ቱ የሚባለውን ዋና መንገድ ይዞ ቀጥታ ወደ ምስራቅ መሄድ ይቻላል ግን እባካችሁ እንደዛ አታድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ፔኒንሱላውን፣ ማለትም ባህሩ ውስጥ የገባውን ረጅም መሬት፣ ዙሩት። በሃውት ቤይና በኖርድሁክ መሀል ያለው ቻፕማንስ ፒክ የሚባለው መንገድ 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ኩርባው ግን 114 ነው፣ ከ1915 እስከ 1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገደሉን እየፈለጡ ነው የሰሩት፣ በአንድ በኩል ድንጋዩ በላያችሁ ላይ ተንጠልጥሏል በሌላ በኩል ባህሩ ከታች ነው። ክፍያ አለው። ዝናብና ንፋስ ሲበረታ ድንጋይ ስለሚወርድ ይዘጉታል፣ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ክፍት መሆኑን እዩ።

ከዛ ኬፕ ፖይንት። ሰው ሁሉ እዛ የሚሄደው ገደሉ ጫፍ ላይ ላለው መብራት ቤት ነው፣ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ያሳለፍነው በምዕራቡ በኩል ያለው አለታማ ዳርቻ ላይ ነው፣ እና እዛ ያየነው ነገር እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። ዝንጀሮዎች ናቸው፣ ግን ባህር ውስጥ! ማለቴ ባህሩ ሲሸሽ አለቱ ባዶ ይቀራል አይደል፣ እነሱ ቀስ ብለው ይወርዱና አለቱ ላይ የተጣበቀውን ሙስል የሚባለውን ጥቁር ዛጎል እየፈለቀቁ፣ በጥርሳቸው እየሰበሩ ይበላሉ። እናትየው ልጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ሞገዱ ሲመጣ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ ሲመለስ እንደገና ትወርዳለች። ማንም ያላስተማራቸው ማንም ያልሰጣቸው ምግብ ነው። መኪናችንን አጥፍተን መስኮቱን ዘግተን ረጅም ሰዓት አየናቸው፣ እነሱ ዞር ብለውም አላዩንም።

እዛው ግቢ ውስጥ መኪና ማቆሚያው ጋ ደሞ ሌላ አይነት ዝንጀሮ አለ። ዝርያው አንድ ነው፣ የለመደው ምግብ ነው የተለየው። አንድ ትልቅ ወንድ ከኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ መኪና በር በእጁ ከፈተ፣ አዎ እጀታውን ስቦ፣ ገባና አንድ ቦርሳ ይዞ ወጣ፣ ባለቤቶቹ እየጮሁ ሲጠጉ ክራንቻውን አሳያቸውና ሁሉም ባሉበት ቀሩ። ዝንጀሮ መመገብ እዛ አገር በህግ የተከለከለ ነው፣ ምልክቱም በየቦታው ተሰቅሏል፣ ግን ሰው በመስኮት ቺፕስ ይወረውራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ዝንጀሮው ግን እዛው ነው የሚቀረው። ከዛ በኋላ ሰው ሲያይ ምግብ ነው የሚያየው፣ መኪና መክፈት ይጀምራል፣ ቤት መግባት ይጀምራል፣ መጨረሻው ወይ መኪና ይገጨዋል ወይ አንዱ ይተኩስበታል ወይ "አስቸጋሪ ነው" ተብሎ በመርፌ ይገደላል። አንድ ፓኬት ቺፕስ እኮ ነው በቃ ገዳዩ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ።

ወደ ሳይመንስ ታውን ሲኬድ ቦልደርስ አለ፣ ፔንግዊኖቹ ያሉበት። የአፍሪካ ፔንግዊን ማለት በረዶ አይቶ የማያውቅ ወፍ ነው፣ ነጭ አሸዋ ላይ፣ ቁጥቋጦ ስር፣ ከሰው ቤት አጥር አጠገብ ይኖራል። እዚህ ቦታ በ1982 ሁለት ጥንድ መጥተው ጎጆ ሰሩ፣ ዛሬ ያለው መንጋ የጀመረው ከነሱ ነው። በእንጨት ድልድይ ላይ ነው የሚኬደው፣ ከድልድዩ ስር እንቁላል ላይ የተኙ አሉ፣ ወንዱም ሴቷም ተራ በተራ ይታቀፋሉ፣ አንዱ ባህር ሲሄድ ሌላው ይተኛል። ድምጻቸውን ስትሰሙ ደሞ አህያ ነው የሚመስላችሁ፣ ልጅቷ አህያውን ስትፈልግ ነበር። አንዳንዶቹ ላባቸው ተመናምኖ፣ ግማሹ ረግፎ፣ ቆመው ብቻ ያያሉ፣ ሰዎች የታመሙ መስሏቸው ያዝናሉ፣ ግን ላባ እየቀየሩ ነው። በዓመት አንዴ ለሶስት ሳምንት ያህል ላባቸው ውሃ ስለሚያስገባ ባህር መግባት አይችሉም፣ ስለዚህ ያን ሁሉ ጊዜ አይበሉም፣ ከዛ በፊት በልተው ባጠራቀሙት ስብ ነው የሚቆዩት።

እና እዚህ ጋ ነው የልጅቷ ጥያቄ ከባድ የሆነው። ምን ይበላሉ? ሰርዲንና አንቾቪ። ሰርዲኑን ማን ይበላል? እኛ። ትላልቅ የአሳ መርከቦች ፔንግዊኖቹ የሚያድኑበት ውሃ ላይ ነው መረባቸውን የሚጥሉት፣ አሳው ራሱም ቦታውን እየቀየረ ወደ ምስራቅ ሸሽቷል፣ ላባ ከመቀየሯ በፊት በቂ ያልበላች ፔንግዊን ደሞ ቆማ ነው የምትሞተው። ድሮ በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር፣ አሁን በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ተደምሮ ጎጆ የሚሰሩት ከ10 ሺህ ጥንድ በታች ናቸው። በ2024 በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ጎጆአቸውም ቢሆን ተወስዶባቸዋል፣ በየደሴቱ ላይ ለዘመናት የተጠራቀመውን የወፍ ኩስ ቆፍረው ነበር ጎጆ የሚሰሩት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መጥተው ኩሱን ለማዳበሪያ ጠርገው ወሰዱት፣ ስለዚህ አሁን ፀሐይ ላይና ቁጥቋጦ ስር ይተኛሉ፣ ሰው የሰራላቸው ሰው ሰራሽ ጎጆም አለ። አንድ ደስ የሚል ነገር፣ በማርች 2025 የወፍ ተከራካሪ ድርጅቶቹና የአሳ ኢንዱስትሪው ፍርድ ቤት ተስማምተው በስድስት ትላልቅ መንጋዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ የማይጠመድበት ቦታ ለ10 ዓመት ተከልሏል። አስር ዓመት ለአንድ ወፍ ብዙ ነው፣ ለመንጋ ግን ትንሽ ነው፣ ቢሆንም ተመስገን።

ከዛ ፎልስ ቤይን ዞራችሁ ጎርደንስ ቤይ ስትደርሱ አር 44 የሚባለውን መንገድ ያዙ፣ ክላረንስ ድራይቭ ይሉታል። በኔ አስተያየት ከቻፕማንስ ፒክ ይበልጣል፣ ክፍያ የለውም፣ ሰው አይበዛበትም፣ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ማቆሚያ አለው፣ ተራራው ቀጥታ ባህር ውስጥ ነው የሚገባው። እህቴ እዚህ ጋ እኔ ካልነዳሁ ብላ መሪውን ቀማችኝ። ቤቲስ ቤይ ላይ ስቶኒ ፖይንት የሚባል ሌላ የፔንግዊን ቦታ አለ፣ ቦልደርስ ወረፋ ከሰለቻችሁ እዚህ ኑ፣ በጣም ፀጥ ያለ ነው፣ ሽኮኮዎች ከፔንግዊኖቹ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

እዛ ቁጭ ብለን ነው ለልጅቷ የ2000ን ታሪክ የነገርኳት። ትሬዠር የምትባል መርከብ በሮበን ደሴትና በዳሰን ደሴት መሀል ሰጠመችና ነዳጇ ፈሰሰ፣ ወደ 19 ሺህ የሚሆኑ ፔንግዊኖች ነዳጅ ተነከሩ። በሺዎች የሚቆጠር በጎ ፈቃደኛ መጥቶ አንድ በአንድ አጠባቸው፣ ፔንግዊን ደሞ የሞተ አሳ አንስቶ መብላት ስለማያውቅ ሰርዲኑን በእጃቸው ምንቃሩን ከፍተው ነበር የሚያጎርሱት። ገና ነዳጅ ያልነካቸውን ሌሎች 19 ሺህ ከምናምን ደሞ በመኪና ጭነው ፖርት ኤልሳቤጥ ወስደው ባህር ውስጥ ለቀቁ፣ ሀሳቡ ምን መሰላችሁ፣ እነሱ ዋኝተው ቤታቸው እስኪመለሱ ነዳጁ ይጸዳል። ሶስቱ ላይ መከታተያ ታስሮ ነበር፣ ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ ተባሉ፣ አገሩ ሁሉ በየቀኑ የት ደረሱ እያለ ይከታተል ነበር፣ እና በሳምንታት ውስጥ ያን ሁሉ ርቀት ዋኝተው ገቡ። የሰው ልጅ ሲፈልግ እንዴት አይነት ነገር ይሰራል!

ሄርማነስ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ ምክንያቱም የጉዞው ልብ እዚህ ነው። ሳውዘርን ራይት የሚባሉት አሳ ነባሪዎች ከጁን ጀምሮ እስከ ኖቬምበር ድረስ ከአንታርክቲካ በኩል ካለው ውቅያኖስ መጥተው ዎከር ቤይ ውስጥ ይወልዳሉ። ጀልባ አያስፈልግም። ገደሉ ጫፍ ጫፉን የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቁጭ የምትሉበት አግዳሚ ወንበርም አለ፣ እና እነሱ ራሳቸው ናቸው ወደናንተ የሚመጡት። ከተማው ውስጥ ከ1992 ጀምሮ አሳ ነባሪ ሲታይ ከኬልፕ፣ ማለትም ከባህር ሳር፣ በተሰራ ቀንድ እየነፋ የሚያበስር ሰራተኛ አለ፣ ስራው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ትንፋሹን ነው የምታዩት፣ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ የጀርባ ክንፍ የላቸውም፣ ጥቁር ሰፊ ጀርባ ብቻ፣ እና ጭንቅላታቸው ላይ ነጣ ያለ ሻካራ ነገር አለ፣ የእያንዳንዳቸው ስለሚለያይ ተመራማሪዎች በሱ ነው ማን ማን እንደሆነች የሚለዩት። አንዷ እናት ከነልጇ ከአለቱ ስር መጣች፣ በጣም ቅርብ፣ ስትተነፍስ ድምጹ ደረታችን ውስጥ ተሰማን። ህጻኑ ሲወለድ ራሱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። እሱ ይንከባለላል፣ ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ጅራቱን ይመታል፣ እሷ ዝም ብላ ተንሳፍፋለች። እህቴ አለቀሰች፣ እውነቴን ነው፣ ምንም አላልናትም።

"ምን ትበላለች?" ተባልኩ። እዚህ ምንም። ይሄ ነው የሚገርመው፣ እናቲቱ ምግቧ ያለው በደቡብ በኩል በቀዝቃዛው ውሃ ነው፣ ክሪልና ከሱም የሚያንሱ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው፣ እዚህ ለወራት ጾማ ነው ልጇን የምታጠባው፣ ወተቱ የሚመጣው ከስቧ ነው። ድሮ በሶስት ዓመት አንዴ ይወልዱ ነበር፣ አሁን አሁን ግን ወደ አራትና አምስት ዓመት እየራቀ ነው፣ ሰውነታቸውም ከድሮው ከስቷል፣ ተመራማሪዎቹ ይሄን የሚያያይዙት ደቡብ ውቅያኖስ ላይ ምግባቸው እየተለወጠ ከመሄዱ ጋር ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ እንዳይታደኑ በዓለም ደረጃ ተከልክሎ ቀስ በቀስ የተመለሱ እንስሳት ናቸው፣ አሁን ጦር የሚወረውርባቸው የለም፣ ግን ገበታቸው በሩቅ ተነክቷል። ፈቃድ የሌለው ጀልባ 300 ሜትር ርቆ መቆም አለበት፣ እኔ ከመሬት ሆናችሁ እዩ ነው የምለው፣ ለነሱም ይሻላል ለናንተም ይሻላል።

ጋንስባይ ከሄርማነስ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፣ የነጭ ሻርክ ዋና ከተማ ይባል የነበረ። ነበረ ያልኩት በምክንያት ነው። በ2017 ግዙፍ ግዙፍ ሻርኮች ሞተው ዳርቻ ላይ ተገኙ፣ ሲታዩ ጉበታቸው የለም። ሌላው አካላቸው በአብዛኛው አለ፣ ጉበቱ ነው የሌለው። ያደረጉት ፖርትና ስታርቦርድ የሚባሉ ሁለት ወንድ ኦርካዎች (ገዳይ አሳ ነባሪ የሚሏቸው) ናቸው፣ የጀርባ ክንፋቸው የታጠፈ ስለሆነ በቀላሉ ይታወቃሉ፣ የአንዱ ወደ ግራ የሌላው ወደ ቀኝ። የሻርክ ጉበት በዘይት የተሞላ ትልቅ ምግብ ነው፣ እነሱ ደሞ እሱን ብቻ ማውጣት ያውቃሉ። ስታርቦርድ በ2023 ሞሰል ቤይ አካባቢ ብቻውን አንድ ወጣት ነጭ ሻርክ በሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ገድሎ ጉበቱን ወስዷል። ከዛ የቀሩት ሻርኮች አካባቢውን ጥለው ሄዱ፣ በነሱ ቦታ ብሮንዝ ዌለር የሚባል ሌላ ሻርክ መጣ። ሻርክ ለማየት በብረት ሳጥን ውስጥ መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ አሁን በብዛት የምታዩት እሱን ነው። እኛ አልገባንም፣ ለመሳብ ብለው ውሃው ውስጥ የአሳ ደም መድፋታቸው አይመቸኝም።

አጉልሃስ የአፍሪካ የመጨረሻ ደቡብ ጫፍ ነው፣ ብዙ ሰው ኬፕ ፖይንት ይመስለዋል ግን ይሄ ነው፣ አትላንቲክና ህንድ ውቅያኖስ የሚለዩበት ምልክት አለ፣ ፎቶ ተነሱና እለፉ።

ከብሬዳስዶርፕ በኋላ መንገዱ ከባህሩ ይርቅና በስንዴ ማሳ መሀል ነው። ብሉ ክሬን የሚባለው ረጅም ወፍ፣ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ወፍ፣ እዛ ማሳ ውስጥ በመንጋ ይለቅማል። ድሮ የሚኖሩበት ሳር ሜዳ በሌላ አካባቢ ሲመናመን እዚህ የገበሬ ማሳ ላይ ተመቻቸው፣ አሁን ትልቁ ቁጥራቸው እዚህ ነው፣ ማለትም ህይወታቸው ገበሬው በሚዘራው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀጥሎ ጠጠር መንገድ ይዛችሁ ደ ሁፕ የሚባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ግቡ። ኮፒ አሊን ከሚባለው ነጭ የአሸዋ ኮረብታ ላይ ሆነን አሳ ነባሪዎች መቁጠር ጀመርንና ተውነው፣ ባህሩ በነሱ ሞልቷል፣ ሰው የለም። መንገዱ ላይ ኤሊ ይሻገራል፣ አቁሙና እስኪያልፍ ጠብቁ። ቦንቴቦክ የሚባለው ፊቱ ነጭ የሆነ ሚዳቋ መሰል እንስሳ በ1931 ፓርክ ሲሰራለት የተረፉት 17 ብቻ ነበሩ፣ ዛሬ ያለው መንጋ በሙሉ ከተረፉት ከነዛ ጥቂቶች የመጣ ነው፣ ሳር ሲግጡ አጠገባቸው አለፍን። ስትወጡ በማልጋስ በኩል ውጡ፣ ብሪደ ወንዝን የምትሻገሩት ሰዎች በጉልበታቸው በሚጎትቱት ጀልባ ላይ ከነመኪናችሁ ነው።

ከሞሰል ቤይ ወዲያ ያለው ሰው ሁሉ የሚጽፍለት ጋርደን ሩት ነው፣ ስለዚህ አላረዝመውም። ናይዝና ጫካ ውስጥ ድሮ በመንጋ የነበሩት ዝሆኖች አሁን የቀረችው አንዲት ሴት ናት፣ ብቻዋን፣ በ2019 የወጣው የካሜራ ጥናት ሌላ አላገኘም፣ በጫካው ውስጥ ስንነዳ ማናችንም አላወራንም። ፕሌተንበርግ ቤይ ላይ ግን ሮበርግ የሚባለው ጥብቅ ቦታ እንዳያመልጣችሁ፣ ከገደሉ ላይ ሆናችሁ ኬፕ ፈር ሲል የሚባሉትን ፀጉራም የባህር እንስሳት ከላይ ታያላችሁ፣ በመቶዎች ናቸው፣ ሽታው ከሩቅ ይቀበላችኋል፣ ውሃው ንጹህ ሲሆን ከነሱ ወጣ ብሎ የሚዞር ሻርክም አንዳንዴ ይታያል። የእግር መንገዱ ሙሉ ዙር 9 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከልጅ ጋር አጭሩን ያዙ። ፂፂካማ ላይ ስቶርምስ ሪቨር ባህር የሚገባበት ጋ 77 ሜትር የሚረዝም የተንጠለጠለ ድልድይ አለ፣ ዶልፊኖች ሞገዱን እየጋለቡ ሲያልፉ እሱ ላይ ቆመን ነው ያየነው።

መቼ እንሂድ ላላችሁኝ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር። ዝናብ ሊኖር ይችላል ግን አሳ ነባሪውም ህጻኑም አበባውም ያኔ ነው። መንዳቱ በግራ ነው፣ ማታ አትንዱ፣ ለደ ሁፕ ጠጠር መንገድ ጎማ ላይ ኢንሹራንስ ግዙ፣ ምግብ ሁሌም የመኪናው ኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ይቆለፍ፣ በር ይቆለፍ፣ መስኮት ይዘጋ። ፓርክ የምታበዙ ከሆነ ዋይልድ ካርድ የሚባለውን የዓመት መግቢያ አስሉት፣ ለቤተሰብ ያዋጣል። ፂፂካማ ባህሩ ፊት ያሉትን ማደሪያዎች ደሞ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቶሎ ነው የሚያልቁት።